ሮኬት ሲወጣ ባለቤት አለው፤ ሲወድቅስ?

በዛሬው ዓምዳችን ከራሽንና ከኬዝ ወሬ ትንሽ ቀና ብለን ሰማይ ሰማዩን እናያለን። ሰማይ ማየት የሥራ ፈት ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንብባችሁ ስትጨርሱ ጉዳዩ እዚሁ ደጃችን ላይ መሆኑን ታዩታላችሁ። ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኳቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስለ ሮኬት ወሬ ሲነሳ ሰው ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን ወጣቱ ነው። ስልኩን ያወጣና ኦክቶበር 13 ቀን 2024 ቴክሳስ ውስጥ የሆነውን ያሳያችኋል። ሰባ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የስታርሺፕ ሮኬት የታችኛው ክፍል ሥራውን ጨርሶ ቁልቁል ሲመለስ፣ የተነሳበት ማማ በሁለት የብረት ክንዶች ከአየር ላይ ይቀልበዋል። «ሰው እዚህ ደርሷል እኮ! እኛ ገና ስለ ውኃ ቧንቧ እናወራለን» ይላል። ሁለተኛው ወገን እናቶቻችንና አባቶቻችን ናቸው። «ልጄ፣ ሆድ ባዶ ሆኖ ጨረቃ ምን ያደርጋል? ያንን ሁሉ ገንዘብ ለዱቄት ቢያደርጉት ምን ነበረበት?» ይላሉ። ራሽን በተቀነሰበት በ2025 ደግሞ ይሄ ንግግር ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ ሁላችንም እናውቃለን።

ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ይሁን እንጂ ሁለቱም አንድ ነገር ዘለዋል ባይ ነኝ። ሮኬቱን ብናደንቀውም ብንረግመውም መውጣቱን አይተውም፤ ይውጣ አይውጣ ብሎ የጠየቀንም የለም። ይልቅ ልንጠይቀው የሚገባው ይሄ ነው፦ ከላይ የሚመጣው ነገር፣ ጥቅምም ይሁን ጉዳት፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ መሬት ላይ ቆሞ የሚቀበልልን ማን ነው? ጥቅሙን ማን ያደርስልናል? ለጉዳቱስ ማን ይከራከርልናል? ሮኬት ለድሃ ሕዝብ የሚሆነው ነገር የሚወሰነው ሰማይ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ባለው ሰው ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

አምስት ኩንታል ብረት ከሰማይ

ዲሴምበር 30 ቀን 2024 ከሰዓት በኋላ፣ እዚሁ ኬንያ፣ ማኩዌኒ ካውንቲ፣ ሙኩኩ በምትባል መንደር ከሰማይ ብረት ወደቀ። ከዳር እስከ ዳር 2 ሜትር ተኩል፣ ክብደቱ 500 ኪሎ ገደማ የሆነ ቀለበት ነው። አምስት ኩንታል ማለት ነው! የኬንያ ስፔስ ኤጀንሲ ሰዎች መጥተው አካባቢውን አስከብረው ብረቱን ወሰዱት። በመጀመሪያ መግለጫቸውም ሮኬት ክፍሎቹን ሲያላቅቅ የሚለየው ቀለበት መሆኑን ገልጸው፣ ባለቤቱን ለማወቅ ምርመራ መጀመራቸውን ተናገሩ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ቤት ላይ ወይም ትምህርት ቤት ላይ ቢሆን ኖሮስ? እሱን ማሰቡ ራሱ ይከብዳል።

ነገሩ እንዴት ይሆናል ለምትሉ፣ ሮኬት አንድ ወጥ ዕቃ አይደለም። እንደ ባቡር ፉርጎ ተቀጣጥሎ ነው የሚሠራው። ከምድር ሲነሳ ከክብደቱ አብዛኛው ነዳጅ ነው። ነዳጁን የጨረሰው ክፍል እየተላቀቀ ይቀራል፤ ባዶ በርሜል ተሸክሞ መሄድ ትርፉ ድካም ነውና። ቶሎ የተላቀቀው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ላይ ይወድቃል። ከፍ ብሎ የተላቀቀው ግን ምድርን እየዞረ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቆያል። እዚያ ከፍታ ላይ ያለችው ስስ አየር ቀስ በቀስ ፍጥነቱን ትቀንስበትና አንድ ቀን ቁልቁል ይመጣል። ሲወርድ በሰበቃው ግለት አብዛኛው ተቃጥሎ ያልቃል፤ ወፍራሙና ሙቀት የሚችለው ብረት ግን መሬት ይደርሳል። መሪ የሌለው ዕቃ ስለሆነ «እዚህ ውደቅ» የሚለው የለም።

የማኩዌኒው የመጀመሪያው አይደለም። በሜይ 2020 የቻይና ትልቅ ሮኬት ከተመለሰ በኋላ ኮትዲቯር ውስጥ መንደር ላይ ረዥም የብረት ቧንቧ ተገኝቷል። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ያው ወጣቶቻችን የሚያደንቁት ስታርሺፕ ሌላ ሙከራ ላይ ካሪቢያን ሰማይ ላይ ተበታትኖ፣ ቁርጥራጩ ተርክስና ካይኮስ ደሴቶች ላይ ወርዷል፤ አውሮፕላኖችም መንገድ ቀይረዋል።

ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። አንድን ሰው የመምታት ዕድሉ እጅግ ትንሽ ነው። እስካሁን ከሚነገሩት ጥቂት ታሪኮች አንዱ በ1997 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ አንዲት ሴት ትከሻዋን በቀላል ቁራጭ ተነክታ ምንም ሳትሆን መቅረቷ ነው። ግን ደግሞ የሚወጣው ሮኬት ቁጥር በየዓመቱ እየጨመረ ነው። የፋልከን ሮኬቶች ብቻ በ2024 ከ130 ጊዜ በላይ ተነስተዋል፤ በአማካይ በየሦስት ቀኑ ማለት ነው። የሚወጣው ከበዛ የሚወርደውም መብዛቱ አይቀርም።

ለስደተኛ ማን ይጠይቅለታል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከሰማይ የወደቀ ብረት ንብረት ቢያወድም፣ ሰው ቢጎዳ ሕጉ ምን ይላል? ሕግ አለ። በ1972 የወጣ፣ ጠፈር ላይ በሚላኩ ዕቃዎች ለሚደርስ ጉዳት ስለ ኃላፊነት የሚናገር ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። ደግሞ ጥሩ ሕግ ነው። ዕቃውን የላከው መንግሥት መሬት ላይ ለደረሰው ጉዳት ካሣ ይከፍላል ይላል። ተጎጂው «አጥፍተሃል፣ ቸልተኛ ነበርክ» ብሎ ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ ዕቃው የማን እንደሆነ ከታወቀና ጉዳቱን ያደረሰው እሱ ከሆነ ይበቃል። መንግሥት ሳይሆን የግል ኩባንያ ቢሆንም የልካው የኩባንያው አገር ከመጠየቅ አያመልጥም።

ሕጉ ሥራ ላይ ሲውልም ታይቷል። በጃንዋሪ 1978 ኮስሞስ 954 የተባለችው የሶቪየት ኅብረት ሳተላይት የኑክሌር ማመንጫ እንደያዘች ሰሜን ካናዳ ላይ ወድቃ ጨረር ያለው ቁርጥራጭ በተነች። ካናዳ በረዶውን አስሳ፣ ወጪዋን ቆጥራ 6 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ጠየቀች። ክርክሩ ቀጥሎ በ1981 ሶቪየት ኅብረት 3 ሚሊዮን ከፈለች። ግማሹ ነው፤ ቢሆንም ተከፍሏል። ለምን ተከፈለ? ካናዳ የምትባል፣ ፈልጋ፣ ቆጥራ፣ ጽፋ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ የምትጠይቅ አገር ስላለች ነው።

እኛስ? ስምምነቱ ለተጎዳ ሰው ማን መጠየቅ እንደሚችል በተራ አስቀምጦታል። አንደኛ፣ ሰውዬው ዜጋ የሆነበት አገር። እሱ ካልጠየቀ ሁለተኛ፣ ጉዳቱ የደረሰበት አገር። ሁለቱም ካልጠየቁ ሦስተኛ፣ ሰውዬው ቋሚ ነዋሪ የሆነበት አገር። ተጎጂው ራሱ በዚህ መንገድ አይጠይቅም፤ ጉዳዩ በመንግሥትና በመንግሥት መካከል ነው። በላኪው አገር ፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ አልተከለከለም፤ ግን ጠበቃውስ በምን ገንዘብ?

እስቲ ይህንን በስደተኛ ዓይን እንየው። አንደኛው በር የወጣንበት አገር ነው። ብዙዎቻችን ስማችንን ለዚያ አገር ኤምባሲ መስጠት እንኳ የምንፈራ ነን፤ ካሣ ጠይቅልኝ ብለን እንሄዳለን? ሁለተኛው በር ያስጠጋን አገር ነው። በሩ ክፍት ነው፤ ግን የሕጉ ቃል «ሊጠይቅ ይችላል» እንጂ «መጠየቅ አለበት» አይልም። ከኃያል መንግሥት ጋር ለስደተኛ ሲል መካሰስ የመንግሥቱ ፈቃድ ነው። ሦስተኛው በር ቋሚ ነዋሪነት ነው። ካኩማ ካምፕ ከተቋቋመ ከ1992 ጀምሮ ነው፤ እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ አግብቶ፣ እዚሁ የወለደ ሰው አለ። ነገር ግን «ቋሚ ነዋሪ» የሚል ወረቀት በኪሱ የያዘ ስንቱ ነው?

እንግዲህ ሕጉ ሦስት በር ሠርቷል፤ ሦስቱም በሮች ላይ ግን ወረቀት የሚጠይቅ ዘበኛ ቆሟል። ሕግ አውጪዎቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። በ1972 ሲጽፉት ሰው ሁሉ አገር አለው ብለው ስላሰቡ ነው። ጉዳዩ የብረት ብቻ አይደለም። ከሰማይ ባይወድቅብንም ይህችው ጥያቄ በየቀኑ በሌላ መልክ ትመጣብናለች፤ ለሥራ ፈቃድ፣ ለስልክ ሲም ካርድ፣ ለባንክ። ሮኬቱ ጉዳያችንን ከፍ አድርጎ አሳየን እንጂ አዲስ አላመጣብንም።

ውኃው ታየ፤ ማን ቀመሰው?

ጉዳቱን ካየን ጥቅሙንም እንመዝን። በሴፕቴምበር 2013 ቱርካናን ዓለም ሁሉ አወራላት። ከካኩማ በስተሰሜን ባለው በሎቲኪፒ ሜዳ ሥር ግዙፍ የከርሰ ምድር ውኃ ተገኘ ተባለ። ያገኙት ከሳተላይት በተወሰደ የራዳር መረጃና በከርሰ ምድር ጥናት ነው፤ በዩኔስኮና በኬንያ መንግሥት ሥራ። ራዳር ከላይ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ መሬት ነክቶ ሲመለስ ስለ አፈሩና ስለ እርጥበቱ ይናገራል። መጠኑም 200 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው ተባለ። ኬንያን ለ70 ዓመት ያጠጣል እስከ መባልም ደረሰ። በላጋው አሸዋ ውስጥ በእጇ ጉድጓድ ቆፍራ አንዲት ጀሪካን ለመሙላት ግማሽ ቀን ለምትቀመጥ የቱርካና እናት፣ እግሯ ሥር ባሕር አለ ማለት ነው።

በ2015 ግን ጉድጓድ ተቆፍሮ ውኃው ሲመረመር ጨው በዛበት። ለመጠጥ ከሚፈቀደው እጅግ ያለፈ ጨው። ሳተላይቱ አልዋሸም፤ ውኃ አለ አለ፣ ውኃ አለ። ምላስ ግን የለውም። ጣዕሙን የሚያውቀው መሬት ላይ ቆፍሮ፣ በጠርሙስ ቀድቶ፣ ላቦራቶሪ ወስዶ የሚመረምረው ሰው ነው። ከዚያም ጨዉን የሚያጣራ መሣሪያ፣ ቧንቧ፣ በጀት ያስፈልጋል። የዜናው ቀን ሁሉም ነበር፤ ከዜናው በኋላ ያለው ሥራ ግን ካሜራ አይከተለውም።

ድርቁንም አስታውሱ። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ከሸፈ። ቦረና፣ ሶማሌ፣ ቱርካና፣ ማርሳቢት፣ ሁሉም ከብቱን አፈሰ። ይህ በድንገት የመጣ አልነበረም። በገጠሩ የዝናብ መለኪያ ጣቢያ ጥቂት ስለሆነ ደመናውንና ሣሩን ከላይ የሚከታተሉት ሳተላይቶች ናቸው፤ ናይሮቢ አጠገብ ያለው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከልም መረጃውን እየተነተነ ለአካባቢው አገሮች ትንበያ ያወጣል። ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ወጥቷል። በብዙ ቦታ ግን እርዳታው የደረሰው ከብቱ ካለቀ በኋላ ነው። ያየውና ያዘዘው ተለያዩ። «አይቶ ዝም» ማለት ከዕውር ይብሳል።

ሕንድ እንዴት አደረገችው?

እዚህ ላይ እናቶቻችን «ይኸው፣ አልኩህ አይደል፤ ሮኬት ለድሃ ምንም አይሠራም» እንዳይሉኝ፣ ሌላ ታሪክ ላምጣ። ሕንድም ድሃ ነበረች። በኖቬምበር 1963 የመጀመሪያዋን ትንሽ ሮኬት ስታስወነጭፍ ቦታው ቱምባ የሚባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበር። ቢሮ አልነበራቸውም፤ የመንደሩን ቤተ ክርስቲያን ተረክበው መሥሪያ ቤት አደረጉት። የሮኬቱን ክፍል በብስክሌት ነበር የሚያጓጉዙት። ያን ጊዜም «ለተራበ ሕዝብ ሮኬት?» ያለ ብዙ ነው።

ምን አደረጉ? በ1975 እና 1976 ከአሜሪካ ሳተላይት ተውሰው 2,400 ለሚሆኑ የገጠር መንደሮች ስለ እርሻ፣ ስለ ጤናና ስለ ትምህርት ቴሌቪዥን አሳዩ። ቴሌቪዥን አይቶ የማያውቅ ገበሬ ሰብሰብ ብሎ ስለ ዘር ተማረ። የሰማዩ ሳተላይት የውሰት ነበር፤ መሬት ላይ ያለውን ሥራ ግን ራሳቸው ሠሩት።

ሌላም አለ። በ1999 ኦዲሻ የተባለውን የሕንድ ግዛት ታላቅ የባሕር አውሎ ነፋስ መትቶት 10,000 ገደማ ሰው አለቀ። በ2013 ፋይሊን የተባለ ሌላ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ወደዚያው ግዛት መጣ። በዚህኛው የሞተው 50 እንኳ አልሞላም። ሳተላይት መንገዱን ቀን በቀን ተከታትሎ ነበር፤ ግን ሳተላይት በ1999ም ነበር። ልዩነቱ በመካከል ባሉት ዓመታት መጠለያ ተሠርቷል፣ በየመንደሩ የሚያንኳኳ ሰው ተዘጋጅቷል፣ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ በጊዜ ተነስቷል። ዓይኑ ሰማይ ላይ፣ እግሩ መሬት ላይ። በኦገስት 2023 ቻንድራያን 3 የተባለችውን መንኮራኩር ከጨረቃ ደቡባዊ ዋልታ አጠገብ ሲያሳርፉ ብዙ ሰው ያጨበጨበው ለጨረቃው ነው። እኔ ግን ከጨረቃው በላይ የኦዲሻውን በር አንኳኪ አደንቃለሁ።

ምድር ወገብ ላይ የተቀመጠ ድሃ

ለመሆኑ ኃያላኑ ለምን ወደ እኛ አካባቢ ይመለከታሉ? ምክንያቱ ቀላል ነው። ምድር ትሽከረከራለች፤ ፈጥና የምትሽከረከረውም ወገቧ ላይ ነው፣ በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሮኬት ሳተላይትን ዝቅተኛ ምህዋር ላይ ለማስቀመጥ በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ፍጥነት ያስፈልገዋል። ከምድር ወገብ ወደ ምሥራቅ የተነሳ እንደሆነ የመጀመሪያዋን ግፊት ምድር ራሷ በነፃ ትሰጠዋለች። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ባሕር ካለ የሚላቀቀው ክፍል ሰው ላይ አይወድቅም። ካርታ ዘርግታችሁ እዩ፤ ምድር ወገብ አጠገብ ሆኖ በምሥራቁ ሰፊ ባሕር ያለው ማን ነው? ኬንያና ሶማሊያ። ጂቡቲም ብዙ አትርቅም።

ጣሊያኖች ይህንን ቀድመው አይተውታል። ማሊንዲ አጠገብ ባሕሩ ላይ ሳን ማርኮ የተባለ መድረክ ተክለው ከ1967 እስከ 1988 ሮኬት አስወንጭፈዋል። ዲሴምበር 12 ቀን 1970፣ ኬንያ ነፃነቷን ባገኘችበት ዕለት፣ ከዚያ መድረክ የተነሳችው ሳተላይት ኡሁሩ ተባለች፤ በስዋሂሊ ነፃነት ማለት ነው። የኤክስሬይ ጨረር ከሚለቁ የሰማይ አካላት ከ300 በላይ የሚሆኑትን መዝግባለች። የዚህ ሥራ መሪ የነበሩት ሪካርዶ ጃኮኒ በ2002 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ካገኙት አንዱ ሆነዋል። ደስ ይላል። ግን አስተውሉ፤ ሮኬቱ የአሜሪካ፣ መድረኩ የጣሊያን፣ ስሙ ብቻ የስዋሂሊ። ኬንያ የራሷን የምድር መቃኛ ሳተላይት ታይፋ 1ን ያገኘችው በኤፕሪል 2023 ነው፤ ከኡሁሩ ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ። ያውም የተነሳችው ከማሊንዲ ሳይሆን ከካሊፎርኒያ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ዙር መጥቷል። በጃንዋሪ 2023 ጂቡቲ ከአንድ የሆንግ ኮንግ ኩባንያ ጋር ኦቦክ ላይ የ1 ቢሊዮን ዶላር የሮኬት ጣቢያ ለመሥራት የመግባቢያ ሰነድ ፈርማለች። በ2024 ደግሞ ቱርክ ሶማሊያ ውስጥ ማስወንጨፊያ ልትሠራ እንዳሰበች ተነግሯል። ኦቦክ! ኦቦክ ለኛ አዲስ ስም አይደለም። ከዚያ ዳርቻ ስንቱ ወንድማችንና እህታችን በጀልባ ወደ የመን ተሻገረ፤ ስንቱስ ባሕር ውስጥ ቀረ። የየመን ስደተኞች ካምፕም እዚያው ነው። በአንድ ዳርቻ ላይ ሮኬት ወደ ላይ፣ ጀልባ ወደ ማዶ። ሰነዱ ላይ ስለ ሮኬቱ ብዙ ተጽፎ ይሆናል፤ ስለ ዓሣ አጥማጁ፣ ስለ ካምፑ ሰው፣ ሮኬቱ ዳርቻው ላይ ቢፈነዳ ማን የት እንደሚሸሽ ምን ተጽፏል? መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው።

የምድር ወገብ አገሮችም አንድ ጊዜ ጠይቀው ነበር። የሻይ ቤቱን ዲሽ አይታችሁታል? አውሮፓ ያለ ዲሽ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የኛ ግን እንደ ሳህን ወደ ላይ ጋደም ይላል። ምክንያቱ የቴሌቪዥን ሳተላይቶቹ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ከምድር ጋር እኩል እየዞሩ፣ እንደተተከሉ ስለሚታዩ ነው። ማለትም ከኛ አናት ብዙም አይርቁም። በ1976 ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ኮንጎና ኮሎምቢያን ጨምሮ የምድር ወገብ አገሮች ቦጎታ ላይ ተሰብስበው «ከአናታችን በላይ ያለው ቦታ የኛ ነው» አሉ። ዓለም አልተቀበላቸውም፤ የ1967ቱ የጠፈር ስምምነት ጠፈርን ማንም የግሉ ማድረግ አይችልም ይላልና። ሕጉ ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን «የሁሉም ነው» የተባለ ነገር ቀድሞ መሰላል የያዘው ሰው መሆኑን ከመንደር ማንጎ ዛፍም ተምረነዋል።

የኛዎቹስ?

ኢትዮጵያም በዲሴምበር 2019 የመጀመሪያዋን ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ 1ን ከቻይና አምጥቃለች፤ 70 ኪሎ ገደማ፣ እርሻንና አካባቢን ለመቃኘት። ወጪው 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነና አብዛኛውን ቻይና እንደሸፈነች ያኔ ተነግሯል። በዓመቱ ሁለተኛዋ ተከተለች። የትኛውም ወገን ሆነን አገራችንን ብንለቅ፣ ልጆቿ እንጦጦ ላይ ሆነው ከሳተላይት መረጃ ሲቀበሉ ማየት ደስ አይልም የሚል ውሸቱን ነው። በኤፕሪል 2025 ደግሞ የአፍሪካ የጠፈር ኤጀንሲ ካይሮ ላይ ሥራውን በይፋ ጀምሯል። አገሮቻችን ለየብቻ መሰላል መግዛት ካልቻሉ በጋራ መግዛታቸው መልካም ነው። ምኞቴ ይህ ኤጀንሲ ባንዲራ ቆጥሮ ብቻ እንዳይቀር፣ ከሰማይ ለሚመጣው ጉዳት ባለቤት የሌለውን ሰው ጉዳይም አጀንዳው እንዲያደርግ ነው። አፍሪካ ውስጥ አገር የለቀቀው ሕዝብ ትንሽ አይደለም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

«እኛ ምን አቅም አለን?» ትሉ ይሆናል። ሦስት ነገር አለን።

አንደኛ፣ ያልታወቀ ብረት ከሰማይ ወድቆ ብታዩ አትንኩት፤ ልጆችንም አርቁ። አንዳንዱ የሮኬት ነዳጅ ቅሪቱ እንኳ መርዝ ነው፤ ሲተነፍሱትም ሲነኩትም ይጎዳል። ለብረት ገዢ ሸጠን ራት እንብላ የሚል ሐሳብ እንዳይመጣ፤ በኪሎ የሚገኘው ሳንቲም ለሕክምና አይበቃም። ለብሎክ መሪና ለፖሊስ ንገሩ። ከሩቅ ፎቶ አንሱ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያዩትን ሰዎች ስም፣ የተበላሸውን ንብረት ጻፉ። በስምምነቱ መሠረት ካሣ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰ ወይም ባለቤቱ ከታወቀ በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። ወረቀት የሌለው ሕዝብ ቢያንስ ማስታወሻ ይያዝ። ነገ የሚጠይቅልን ሰው ሲገኝ ባዶ እጁን እንዳይሄድ።

ሁለተኛ፣ የስደተኛ ሕግና መብት ስብሰባ ሲጠራ «ሁልጊዜ ያው ነው» ብለን አንቅር። የቋሚ ነዋሪነት ወረቀት ጥያቄ የሥራ ብቻ ጥያቄ አይደለም። ማን ስለ አንተ አፉን ይከፍታል የሚል ጥያቄ ነው።

ሦስተኛው ለወጣቶች ነው። ሮኬት ማድነቃችሁን አታቁሙ፤ ግን ዓይናችሁ ከእሳቱ ጋር ብቻ አይሂድ። የላንድሳት ሳተላይት ፎቶዎች ከ2008 ጀምሮ ለማንም ሰው በነፃ ተለቀዋል፤ የአውሮፓዎቹ ሴንቲኔል ሳተላይቶችም መረጃቸው በነፃ ነው። ላጋው የት እንደሞላ፣ ግጦሹ የት እንደደረቀ፣ ጎርፍ የትኛውን ብሎክ እንደሚያሰጋ ከዚያ ማንበብ ይቻላል። ፎቶው ነፃ ነው፤ የጎደለው አንባቢ ነው። ጂኦግራፊና ሒሳብ ደካማ ትምህርት አድርጋችሁ አትዩ። ካርታ ማንበብ የሚችል፣ ደግሞም ላጋውን በእግሩ የሚያውቅ ልጅ፣ ከላይ ብቻ ከሚያይ መሣሪያ ይበልጣል፤ ውኃው ጨው መሆኑን ቀምሶ ይናገራልና።

እናቶቻችን «ሆድ ባዶ ሆኖ» ያሉት ልክ ነው። ወጣቱ «ሰው እዚህ ደርሷል» ያለውም ልክ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው በር የሚያንኳኳ፣ ውኃ የሚቀምስ፣ አቤቱታ የሚጽፍ ሰው ነው። እሱን ከመካከላችን እናውጣ።

ሐሳባችሁን፣ ተቃውሞም ቢሆን፣ ጽፋችሁ ወደ ዝግጅት ክፍላችን አድርሱን፤ በሚቀጥለው እትም እናስተናግደዋለን።